ተጫዋቹ የገደለው ሰው ልጅ ነበረችው

እ.ኤ.አ. በ1976 ገደማ ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለሁለት ሴት ልጆቹ አንድ ጨዋታ ጻፈ። ክራውዘር በማሳቹሴትስ የሚገኘው የቢቢኤን ኩባንያ ባልደረባ ነበር፤ ለዛሬው ኢንተርኔት መሠረት የሆነውን አርፓኔትን ከሠሩት ሰዎችም አንዱ ነው። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ግን ዋሻ ውስጥ ነበር። ከባለቤቱ ከፓትሪሺያ ጋር ሆኖ በኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ እየለካ ካርታውን ያነሳ ነበር። ትዳራቸው ሲፈርስ ከልጆቹ እየራቀ መሄዱ አሳሰበው። እነሱ ሊጠይቁት ሲመጡ የሚጫወቱት ነገር ፈልጎ የሚያውቀውን ዋሻ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው፤ ድንክዬዎችና የተደበቀ ሀብትም ጨመረበት። «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» እንዲህ ተወለደ።

ጨዋታው ምስልም ድምፅም አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ስፍራውን በጽሑፍ ይገልጻል፤ ተጫዋቹ «ወደ ምሥራቅ»፣ «ፋኖስ አንሳ» እያለ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ያዛል። መጽሐፍ አንባቢው ቢያንቀላፋም ባለታሪኮቹን ወደ መጨረሻቸው ያደርሳቸዋል። እዚህ ግን ተጫዋቹ ፋኖሱን ካላነሳ ዋሻው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የሆነው ሁሉ የሆነው እሱ ስላደረገው ነው። የቪዲዮ ጌም ትረካ ጥንካሬውም ጣጣውም የሚነሳው ከዚህ ሲሆን፣ ጣጣው ጎልቶ የሚወጣው ሁለተኛ ክፍል ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ቀጣዩን ክፍል ሲከፍት የድርሻውን ሊጠይቅ ይመጣል።

በ1977 የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ የክራውዘርን ፈቃድ አግኝቶ ጨዋታውን አስፋፋው። በአርፓኔት በኩልም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። ኤም.አይ.ቲ. ሲደርስ ማርክ ብላንክ፣ ዴቭ ሌብሊንግ፣ ቲም አንደርሰንና ብሩስ ዳንኤልስ ተጫውተው ጨረሱትና «እኛ የተሻለ እንሠራለን» ብለው ተነሱ፤ «ዞርክ»ን ጻፉ። ችግር የመጣው ጨዋታው በ1979 በተቋቋመው ኢንፎኮም በተባለ ኩባንያ በኩል ለገበያ ሲታሰብ ነው። ዞርክ የተጻፈው ለግዙፍ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነበር። ሰዎች ለቤታቸው የሚገዟቸው ትንንሾቹ ማሽኖች ሙሉውን ታሪክ የሚሸከም ሜሞሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ ታሪኩን ከፋፈሉት። አንደኛው ክፍል በ1980፣ ሁለተኛው በ1981፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1982፣ ከአዲስ ጽሑፍ ጋር እየተዋሃዱ ወጡ። በጌም ታሪክ ከቀደሙት ተከታታይ ክፍሎች አንዱን የወለደው የሜሞሪ እጥረት ነበር።

ይሁንና በችግር የተቆረጠው ነገር ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ሐሳብ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ ሀብት ይለቅማል፣ መንገድ የዘጋበትን ይገድላል፣ ነጥቡም ይጨምርለታል። በ«ዞርክ 3» ውስጥ ግን ፊቱን የሸፈነ ሰው ይገጥመዋል። ይዋጋሉ። ሰውየው ክፉኛ ሲቆስል ተጫዋቹ ከመግደል ታቅቦ መሸፈኛውን ቢገልጠው የሚያየው የራሱን ፊት ነው፤ የደከመና የቆሰለ። ሁለት ክፍል ሙሉ ያለ ጥያቄ ሰይፍ ሲመዝ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን እንዲመለከት ተደረገ። ይህን ማድረግ የሚችለው ተከታይ ክፍል ብቻ ነው፤ ፊቱ ትርጉም የሚኖረው ከኋላው ያ ሁሉ ዘረፋ ስላለ ነው።

ኢንፎኮም ይህን ጥበብ አልረሳውም። የኩባንያው ደራሲ ስቲቭ ሜረትዝኪ በ1983 ባወጣው «ፕላኔትፎል» ውስጥ ፍሎይድ የሚባል፣ እንደ ሕፃን የሚቦርቅ ሮቦት አለ። ፍሎይድ ለተጫዋቹ ሲል አደገኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ይገባና የተፈለገውን ካርድ ይዞ ሲወጣ ተሰባብሮ ይወድቃል። አዋቂ ሰዎች በጽሑፍ ብቻ ለሚያውቁት ሮቦት አለቀሱ። በፍጻሜው ፍሎይድ ተጠግኖ ይመለሳል። በ1987 ቀጣዩ ክፍል «ስቴሽንፎል» ሲመጣ ብዙዎች የገዙት ያንን ወዳጃቸውን ለማግኘት ነበር፤ አገኙትም። ግን ፍሎይድ በባዕድ ኃይል ቁጥጥር ሥር ይወድቃል፤ በስተመጨረሻም የሚተኩስበት ራሱ ተጫዋቹ ነው። ሜረትዝኪ የተጫዋቹን ፍቅር ወስዶ የቀጣዩ ታሪክ ስለት አደረገው።

የዚያ ዘመን ታላቁ የተከታይ ክፍል ሥራ ግን የሪቻርድ ጋሪዮት ነው። ጋሪዮት «አልቲማ»ን በ1981 ጀመረ። ክፉ ጠንቋይ አለ፣ ጀግናው ይገድለዋል፣ አለቀ። በ1983 ሦስተኛው ክፍል ከወጣ በኋላ ከተጫዋቾችና ከወላጆች ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። ሰዎች እሱ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ያወቀው ከነዚያ ደብዳቤዎች ነው፤ ሱቅ ይዘርፋሉ፣ ሰላማዊ የመንደር ሰው ይገድላሉ፣ ከዚያ ዓለምን ያዳነ ጀግና ተብለው ይሸለማሉ።

በ1985 የወጣው «አልቲማ 4» የዚያ መልስ ነው። የሚገደል የክፉዎች አለቃ የለውም። ተጫዋቹ ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄን፣ ጀግንነትን፣ ፍትሕን፣ መሥዋዕትነትን፣ ክብርን፣ መንፈሳዊነትንና ትሕትናን በኑሮው አሳይቶ ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆን ይጠየቃል። በገበያ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ ዓይነ ስውር ሴት አለች፤ ሂሳቡን ገዢው ራሱ ቆጥሮ እንዲያስቀምጥ ታምነዋለች። አሳንሶ ቢከፍላት ማንም ቃል አይናገረውም። ጨዋታው ግን ይመዘግባል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ የሐቀኝነት መንገድ ተዘግቶበት ሲያገኘው የዘራውን እያጨደ መሆኑን ይረዳል።

ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጋሪዮት ግን በ1988 በአምስተኛው ክፍል ያንኑ በጎነት ገልብጦ አሳየ። ንጉሡ ጠፍቷል፤ በቦታው የተቀመጠው ብላክቶርን ስምንቱን ምግባሮች ሕግ አድርጓቸዋል። የዋሸ ምላሱን ያጣል። ከገቢው ግማሹን ለምጽዋት ያልሰጠ ገቢ የሚባል ነገር አይኖረውም። ተጫዋቹ በአራተኛው ክፍል በላቡ ያስተማረው መልካምነት በአገሬው ላይ ጅራፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። በ1990 ስድስተኛው ክፍል ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ወደ ራሱ ወደ ጀግናው ዞረ። ክንፍና ቀንድ ያላቸው ጋርጎይሎች ምድሪቱን ይወራሉ፤ ተጫዋቹም እንደለመደው ሰይፉን ይመዛል። እያደር ግን እውነቱን ይደርስበታል። በአራተኛው ክፍል በክብር ያገኘው የጥበብ መጽሐፍ የጋርጎይሎቹ ነበር፤ በዚያ ድርጊት ሳቢያ አገራቸው እየፈረሰ ነው። በእነሱ ትንቢት ውስጥ ሐሰተኛው ነቢይ እሱ ራሱ ነው። መውጫው ሁለቱም ወገን መጽሐፉን ከሩቅ እንዲያዩት፣ ግን ማንም የግሉ እንዳያደርገው ማድረግ ብቻ ነው። ጌም ተረት ለማውራት አይመችም ለሚል ሰው ከነዚህ ሦስት ክፍሎች የበለጠ መልስ ማቅረብ ይከብዳል።

በጃፓን ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። ዩጂ ሆሪ ከሠዓሊው አኪራ ቶሪያማና ከሙዚቀኛው ኮይቺ ሱጊያማ ጋር በ1986 «ድራገን ኩዌስት»ን አወጣ። ተጫዋቹ በጥንት ዘመን የኖረው የታላቁ ጀግና የሎቶ ዘር ነው። ሁለተኛው ክፍል የዘር ዘሮቹን ይከተላል። የካቲት 1988 ሦስተኛው ክፍል ለሽያጭ ሲቀርብ ሰው ሌሊቱን በሱቆች ደጃፍ ተሰልፎ አደረ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ተጫዋቹ አዲስ ዓለም ውስጥ እንዳለ እያሰበ ከተጓዘ በኋላ ከምድር በታች ወደ ሌላ አገር ይወርዳል፤ አገሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ክፍል አገር አለፍጋርድ ነው፣ ከዚያ ዘመን በፊት የነበረው። ጨለማውን ንጉሥ ድል ሲያደርግ የሚሰጠው የማዕረግ ስም ሎቶ ነው። አያት ቅድመ አያቱን ሲያወድስ የኖረው ተጫዋች ያ ቅድመ አያት እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ሂሮኖቡ ሳካጉቺ በ1987 የጀመረው «ፋይናል ፋንታሲ» በበኩሉ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ዓለሙንም ሰዎቹንም እየለወጠ ሄደ፤ ተከታዩ ስሙን እንጂ ታሪኩን አይወርስም ነበር። በ1997 ሰባተኛው ክፍል በሦስት ሲዲ ፕሌይስቴሽን ላይ መጣ። በአንደኛው ዲስክ ማብቂያ ላይ ሴፊሮት የተባለው ባላንጣ ኤሪስን በጸሎት ላይ እንዳለች በሰይፍ ይወጋታል። ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓት መሣሪያ የገዛላትና ችሎታዋን ያሳደገላት ልጅ ነበረች፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ለዘላለም የለችም። የምትመለስበት ስውር መንገድ አለ የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖረ። ስንቱ ወጣት ያንን መንገድ ሲፈልግ እንዳደረ መገመት ይቻላል። መንገዱ አልነበረም።

ሂዴዮ ኮጂማ ደግሞ በ2001 «ሜታል ጊር ሶሊድ 2»ን ሲያወጣ ማስታወቂያው ሁሉ የቀድሞውን ጀግና ስኔክን ያሳይ ነበር። ገዝቶ የጀመረው ሰው ግን ከአጭር መግቢያ በኋላ ራይደን የሚባል የማያውቀው ለጋ ወጣት ተሰጠው። ቁጣው ከባድ ነበር። ራይደን የስኔክን ገድል እንዲደግም በሚስጥር የተገራ ሰው ነው፤ ማለትም ልክ እንደ ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ክፍል መድገም የሚፈልግ። መረጃን የሚያጣራና የሰውን አስተሳሰብ የሚመራ ኃይል በኮምፒውተር መረብ ውስጥ ሊያድግ እንደሚችል የሚናገረው የታሪኩ ማብቂያ በወቅቱ ለብዙዎች የተምታታ ቅዠት መስሎ ነበር። ዓመታት ባለፉ ቁጥር አድናቂው በዛ።

ሁሉም ዕዳውን በጊዜው አልከፈለም። የቫልቭ ኩባንያ በጥቅምት 2007 ያወጣው «ሃፍ ላይፍ 2፦ ኤፒሶድ ቱ» ወጣቷ አሊክስ የአባቷን አስከሬን ታቅፋ ስታለቅስ ያበቃል። ቀጣዩ ክፍል ተስፋ ተሰጥቶበት ነበር። አልመጣም። ደራሲው ማርክ ሌይድሎው በ2016 ከኩባንያው ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ታሪኩ ሊሄድበት ይችል የነበረውን መንገድ የባለታሪኮቹን ስም ለውጦ በደብዳቤ መልክ አሳተመ። አንባቢው ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ።

በዚያው በ2007 የካናዳው ባዮዌር ትልቅ ቃል ይዞ ተነሳ። «ማስ ኢፌክት» በሦስት ክፍል የሚቀርብ የጠፈር ታሪክ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በአንደኛው ክፍል የወሰነው ውሳኔ በሴቭ ፋይሉ አማካይነት ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ነገሩ የወሬ ብቻ አልነበረም። በአንደኛው ክፍል ሬክስ የሚባል ተዋጊ አለ። የእሱ ዘር፣ ክሮጋኖች፣ እንዳይራቡ ሆነው ተኮላሽተዋል፤ መድኃኒቱ ሊወድም ሲል ሬክስ በአለቃው፣ ተጫዋቹ በሚሆነው በኮማንደር ሼፐርድ ላይ መሣሪያ ያነሳል። ተጫዋቹ በንግግር ሊያበርደው ይችላል፤ ሊገድለውም ይችላል። ካተረፈው በ2010 በሁለተኛው ክፍል ጎሣዎቹን ለማስማማት የሚደክም መሪ ሆኖ ያገኘዋል። ከገደለው በዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው በቀል ብቻ የሚታየው ወንድሙ ነው። በ2012 ሦስተኛው ክፍል መድኃኒቱን ለክሮጋኖች ልስጥ ወይስ ልከልክል የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ጥያቄው ከአምስት ዓመት በፊት በአንዲት ደቂቃ በተደረገ ነገር ላይ የቆመ ነው። ይህን የሚተካከል የታሪክ ግንባታ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ለዚህም ነው መጨረሻው ያን ያህል ያንገበገበው። መጋቢት 2012 ተጫዋቾች ወደ ፍጻሜው ሲደርሱ ሦስት ምርጫ ቀረበላቸው። የሚከተለው ትዕይንት ግን ከቀዩ፣ ከሰማያዊውና ከአረንጓዴው ቀለም ውጭ ተመሳሳይ ነበር። ሬክስን ያተረፈውም የገደለውም፣ ሕዝቦችን ያስታረቀውም ያጫረሰውም አንድ በር ላይ ተገናኙ። ተቃውሞው የተለያየ መልክ ያዘ። አንዳንዶቹ ለሕፃናት ሆስፒታሎች መጫወቻ ለሚያቀርብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ80,000 ዶላር በላይ አዋጥተው ድምፃቸውን በዚያ አሰሙ። ሌሎች ወደ ባዮዌር ቢሮ 400 ያህል ትንንሽ ኬኮች ላኩ፤ ክሬማቸው ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲሆን ጣዕማቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር። ኩባንያው ኬኮቹን ለወጣቶች መጠለያ ሰጠና በሰኔ ወር የተስፋፋ ማብቂያ በነፃ አወጣ። ማብቂያው የባለታሪኮቹን ዕጣ ይበልጥ አብራራ፤ በሩ ግን ያው አንድ በር ነው። ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ። «የምታደርገው ነገር ይቆጠርልሃል» ተብለው አምስት ዓመት ተጉዘዋል።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» እንዲህ ያለ ቃል አልገባም። የኖቲ ዶግ ኩባንያዎቹ ኒል ድራክማንና ብሩስ ስትሬሊ የሠሩት ይህ ጨዋታ ምርጫ የለውም። ኮርዲሴፕስ የተባለ ፈንገስ የሰውን ልጅ አውሬ ባደረገበት ዘመን፣ ልጁን በሞት ያጣው ጆኤል በበሽታው የማትያዘውን የ14 ዓመቷን ኤሊን አሜሪካን አቋርጦ ወደ ሐኪሞች ያደርሳታል። ክትባት ለማውጣት አንጎሏ መከፈት እንዳለበት፣ እሷም እንደምትሞት ሲሰማ ሆስፒታሉን በደም አጥቦ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይገባል። ሐኪሙ ትንሽ ቢላ ይዞ ፊቱ ይቆማል። ተጫዋቹ ዙሪያውን ቢዞር፣ ቢጠብቅ፣ ቢያመነታ ምንም አይለወጥም፤ ሐኪሙን ሳይገድል ጨዋታው አይቀጥልም። ሰውየው ስም እንኳ አልነበረውም። ብዙዎች ገድለውት አለፉ፤ ረሱትም።

በ2020 የጸደይ ወራት፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሦስት የቆዩ ታሪኮች በተከታታይ ተመለሱ። በመጋቢት «ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ» ወጣ። ተጫዋቹ አሊክስን ሆኖ የአባቷን ሞት አስቀድሞ ያያል፣ እንዲያስቆመውም ዕድል ይሰጠዋል፤ የ2007ቱ ለቅሶ ተሻረ፣ ዋጋውን ግን ራሷ አሊክስ ከፈለች። በሚያዝያ «ፋይናል ፋንታሲ 7 ሪሜክ» ደረሰ። በውስጡ ታሪኩ ከጥንት መስመሩ እንዳይወጣ የሚጠብቁ ጥላ መሰል መናፍስት አሉ፤ ባለታሪኮቹ ከነሱ ጋር ይዋጋሉ። የኤሪስን ሞት የሚያውቀው ተጫዋች የሚዋጋው ምኑን እንደሆነ ይገባዋል።

በሰኔ «ዘ ላስት ኦፍ አስ፦ ክፍል ሁለት» ወጣ። ድራክማን ከሃሊ ግሮስ ጋር የጻፈው ይህ ክፍል ገና ሲጀመር አቢ የምትባል ወጣት ጆኤልን በኤሊ ፊት ቀጥቅጣ ትገድለዋለች። ኤሊ ለበቀል ወደ ሲያትል ትወርዳለች፤ ተጫዋቹም በንዴት አብሯት ይገድላል። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ታሪኩ ድንገት ይቆምና ተጫዋቹ እነዚያኑ ሦስት ቀናት አቢን ሆኖ እንዲኖራቸው ይደረጋል። ያኔ ይገለጥለታል፤ ከሰባት ዓመት በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ ስሙን ሳይጠይቅ የገደለው ሐኪም የአቢ አባት ነበር። ኤሊን ሆኖ የገደላቸው ሰዎች የአቢ ወዳጆች ነበሩ፤ የሚወዱት ዜማ፣ የሚጠሩት ውሻ ነበራቸው።

ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፣ በዓመቱም መጨረሻ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። በዚያው ልክ በአቢ የተቆጡ ሰዎች ድምጿን ለሰጠችው ተዋናይት ለሎራ ቤይሊ የግድያ ዛቻ ላኩ። ልብ ወለድ የሆነ በደልን በሕይወት ያለች ሴት ላይ መወጣት ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጨዋታው ራሱ ግን ከዞርክ ዘመን ጀምሮ የተዘረጋውን መስመር ከማንም በላይ ርቆ ወስዶታል። ፊልም ተመልካቹን የሟች ልጅ እንድታሳዝነው ሊያደርግ ይችላል፤ አባቷን የገደለው እሱ ራሱ መሆኑን ግን ሊነግረው አይችልም።

በነሐሴ 2023 የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ «ባልዱርስ ጌት 3»ን አወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በ1998ና በ2000 የሠራው ባዮዌር ነበር፤ ሦስተኛው ከ23 ዓመት በኋላ በሌላ ደራሲ እጅ መጣ። በማስ ኢፌክት ፍጻሜ ላይ የጎደለው ነገር እዚህ ሞልቶ ፈሷል። የተጫዋቹ ትንንሽ ውሳኔዎች ሳይቀሩ ታውሰው ይመለሳሉ፣ ጓደኞቹም እንደ አያያዙ ይድናሉ ወይም ይጠፋሉ። ጨዋታው የዓመቱን ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። ባለሀብት ሁሉ ቀጣዩን ክፍል በጉጉት በሚጠብቅበት ሰዓት፣ መጋቢት 2024 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጌም አዘጋጆች ጉባኤ ላይ የላሪያን መሥራች ስቬን ቪንከ ኩባንያው ተከታይ እንደማይሠራ፣ የራሱን አዲስ ታሪክ እንደሚጀምር አስታወቀ። የስሙ ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሌላ አዘጋጅ የመፈለግ መብቱ እንደተጠበቀ ነው።